ሙሽራው ራዲያተር የጠረገበት ቀን

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከባለቤቴ ከአንጓች ጋር ጣና ዳር፣ ዘንባባ ሥር አረፍ ብለን ነበር። የቆየ ልማዳችን ነው። እሷ ሐይቁን ታያለች፤ እኔ አስፋልቱን አያለሁ። ጡረታ የወጣ ሹፌር ምን ይሠራል? እሑድ ደግሞ ሙሽሮች ለፎቶ ወደ ውኃው ስለሚወርዱ የሚታይ መኪና አይጠፋም። ጥሩምባቸውን እያስጮሁ ከመጡት መካከል አንዲት ነጭ መኪና ከፊት ለፊታችን ቆመች። ግንባሯ በአበባ፣ አፍንጫዋ በነጭ ሻሽ ተሸፋፍኗል፤ አየር የምትስብበት ቀዳዳ እንኳ አልተዉላትም። ገና ሳትቆም ያ ሽታ መጣ። የጋለ ራዲያተር ሽታ። «ፈልታለች» አልሁ። አንጓች ዞር ብላም አላየች፤ «አንተን የሚጠራ ሽታ አይጠፋም» አለችኝ።

የዛሬ ራዲያተር ሲፈላ ጣፋጭ ጣፋጭ ይሸታል፤ የሚጨምሩበት አረንጓዴ ፈሳሽ ነው። የኛ ዘመን ራዲያተር ግን የዛገ ብረት፣ የተቆላ እብቅና የተጠበሰ ትንኝ ነበር የሚሸተው። ዓይኔን ጨፍኜ በጠረኑ ብቻ መኪናው በየት በኩል እንደመጣ እናገር ነበር፤ ከፎገራ አውድማዎች ይሁን፣ ከሐይቁ ዳር ይሁን። ጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ጉራ ነው። በዚህ ዕድሜዬ እሱንም ካልፈቀዳችሁልኝ ምን ቀረኝ?

ሹፌር ነበርሁ። ሐጂ ዑመር የሚባሉ የወረታ ነጋዴ ላንድሮቨር ነበራቸው፤ ሰውም እህልም የምትጭን፣ መለዋወጫ ጎማዋን ኮፈኗ ላይ እንደ ዘውድ የደፋች። ከወረታ ባሕር ዳር፣ ገበያው ሲጠራ እስከ ጎርጎራ ድረስ እነዳት ነበር። ያን ጊዜ ባሕር ዳር የዛሬዋ ባሕር ዳር አይደለችም። አሁን ሆቴል የቆመበት ዳርቻ ደንገል ነበር፤ ታንኳ ቀዛፊዎች እንጨት ጭነው ሲመጡ ከደንገሉ መሐል ብቅ ሲሉ ነው የሚታዩት። ከወደቡ አጠገብ ቆሮሶ የሚባለውን የጣና ዓሣ የሚጠብሱ ሴቶች ነበሩ፤ ባንድ ብር ሁለት ሰው አጥንት እየቆጠረ ጠግቦ ይነሣል። ከሻይ ቤቱ ሬዲዮ ዘፈን ሲወጣ መንገደኛው ሁሉ እርምጃውን ቀነስ ያደርጋል። ወጣቱ ታቹ የሰፋ ሱሪና አንገትጌው የረዘመ ቴትሮን ሸሚዝ ይለብሳል። እኔም ለብሻለሁ፤ ያውም ከመሪ ኋላ ተቀምጦ ክርኑን በመስኮት ላወጣ ሰው ያ አንገትጌ እንዴት እንደሚያምር የለበሰው ያውቀዋል። መንግሥቱ የማን እንደነበር ብትጠይቁኝ ማሰብ ይኖርብኛል፤ የሸሚዜን ቀለም ግን አሁኑኑ እነግራችኋለሁ። የእንቁላል አስኳል ነበር።

ያ መንገድ ለራዲያተር ጠላት ያላዘጋጀበት ወር አልነበረም። ክረምቱ ሲወጣ የጣና ትንኝ እንደ ጭስ ተነሥቶ መንገዱን ይዘጋል፤ በውስጡ ያለፈ መኪና አፍንጫው ጥቁር ጭቃ የተለቀለቀ ይመስላል። ከዚያ ፌንጣው ይመጣል። አውድማው ሲጣል ደግሞ እብቁ፤ ገበሬው በመንሽ ወደ ላይ ባነሣው ቁጥር ነፋስ ተሸክሞ ለእኛ ያቀብለናል። ከደንገሉ ራስ ላይ የሚበን ጸጉርም አለ። ይኸ ሁሉ ከራዲያተሩ ቀጫጭን ሽንሽኖች መካከል ገብቶ ይጠቀጠቃል። ነፋስ አላልፍ ሲል ውኃው ይግላል፤ ሹፌሩም ተሳፋሪ አውርዶ መንገድ ዳር ይቀመጣል። የውስጡ ውኃ ሙሉ ሆኖ እያለ የሚፈላው ለዚህ ነው። ስንቱ ነው ውኃ እየጨመረ፣ እየጨመረ ወሩን የጨረሰ!

እኛ የጣና ዳር ሹፌሮች መላ ነበረን። ከዳርቻው የውኃ ወፎች የጣሉትን ትልልቅ ላባ ለቅመን ከፊት መስታወቱ በላይ እንሰካለን። ማታ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ኮፈኑን ከፍተን፣ ከሞተሩ በኩል ሆነን፣ በላባው ሽንሽኑን ከላይ ወደ ታች እናብሳለን፤ ከዚያ በጣሳ ውኃ ቀስ አድርጎ፣ እሱንም ከኋላ ወደ ፊት። ቆሻሻው በፊት ገብቶ በፊት ነው መውጣት ያለበት፤ ከፊት ውኃ የሚረጭበት ሰው ወደ ውስጥ እያጎረሰው ነው። ላባ ሽንሽን አያጥፍም። ዛሬ በሰፈራችን በፔዳ ዙሪያ መኪና የሚያጥቡት ልጆች በውኃ ግፊት ሲገርፉት ሳይ ደሜ ይፈላል፤ ሽንሽኑ ተጣጥፎ ግድግዳ ይሆናል። ተጣልቻቸዋለሁም። ተሳፋሪዎች ታዲያ ላባውን ክታብ ይሉት ነበር። አንድ ጊዜ ወደ ጎርጎራ ይዣቸው የምሄድ ደብተራ ላባውን ትኩር ብለው አይተው «ይኸን የደገመልህ ማን ነው?» አሉኝ። «ጣና ነው» አልኋቸው። ሥቀው አላባሩም። ደግሞም እውነት ነው፤ የእኔ ላንድሮቨር ፈልታ የቆመችው አንድ ቀን ብቻ ነው። ስትፈላ መሪውን የያዝሁት እኔ አልነበርሁም፤ ሙሽራ ነበርሁ።

አንጓችን ያየኋት መሸንቲ ገበያ ነው። የሐጂን እህል ላወርድ ሄጄ፣ በርበሬ ዘርግታ ተቀምጣ ነበር። በማስነጠሴ ሣቀችብኝ፤ አለቀ። አባቷ አቶ ያየህ ግን በዋዛ የሚገኙ ሰው አልነበሩም። ሽማግሌ ስልክ የመጀመሪያዎቹን ባዶ እጃቸውን ሰደዷቸው። «ሹፌር ቤቱ መንገድ ነው። ዛሬ እዚህ ነው፣ ነገ እዚያ። ልጄን ለመንገድ አልድርም» አሉ። በመጨረሻ ሐጂ ዑመር ራሳቸው ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ከሁለት ቄሶች ጋር ሽማግሌ ሆነው ሄዱልኝ። ያን ቀን የተባባሉትን ሐጂ ደጋግመው ስለነገሩኝ የነበርሁበት ያህል አውቀዋለሁ።

«አቶ ያየህ» አሉ ሐጂ፤ «ይኸ ልጅ የኔን እህልና የኔን ልጆች ይዞ ሲመላለስ ባለው ሰዓት ያልደረሰበት ቀን የለም። እኔ ዋስ ነኝ።»

አቶ ያየህ «እንግዲያው በሠርጉ ቀን እናየዋለን» አሉ። «ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ዳሴ በር ላይ ከቆመ ልጄን ይውሰድ። ፀሐይቱ ዘንበል ካለች ግን ድግሴን ለጎረቤት አብልቼ ዳሴን አፈርሳለሁ። ምስክሮቼ እናንተው ናችሁ።»

ቀልድ የመሰለው ካለ አቶ ያየህን አያውቅም። ካሉ አሉ ነው። በሬ ያለው፣ መሬቱ ከእሳቸው መሬት የሚዋሰን አንድ ጎልማሳም አንጓችን ጠይቆ እንደነበር አገር ያውቃል። አርፍጄ ብቀር ዳሱ የሚፈርስ አይመስለኝም፤ ሙሽራው ነው የሚለወጠው።

ሠርጉ በጥር ሆነ። ለዝግጅቱ ስል ላንድሮቨሯን ለሳምንት ያህል ለደምሴ ሰጥቼው ነበር። ደምሴ አንደኛው ሚዜዬ ነው፤ እሱም የጭነት መኪና ሹፌር፣ ልቡ ንጹሕ፣ እጁ ግን ችኩል። የሠርጉ ዕለት ንጋት ላይ ከወረታ ሲወስደኝ መኪናዋ ተወልውላ ታበራለች። ባሕር ዳር ስንደርስ የዘመዶቼ ሰፈር ልጃገረዶች ጠበቁን። ሌሊቱን ደንገል ከነጎፈሬው ሲጎነጉኑ አድረዋል፤ ቄጤማ ጨምረውበት፣ ቀይ ጨርቅ አጣፍተውበት፣ የላንድሮቨሯን ፊት ከመብራት እስከ መብራት አለበሷት። ያምር ነበር፤ አልዋሽም። ግን አየር መግቢያዋ ተደፈነ። «ደምሴ፣ አፍንጫዋን እኮ...» ብዬ ስጀምር ሚዜዎቹ ባንድ አፍ «ሙሽራ አይናገርም!» አሉኝ። በእኛ ወግ ሙሽራ የዕለቱ ንጉሥ ነው። አይሸከምም፣ አይሠራም፣ ውኃ ቢጠማው በዓይኑ ነው የሚጠቅሰው፤ እጁ ሥራ የነካ እንደሆነ የሚሰደቡት ሚዜዎቹ ናቸው። ወርቅ ዘቦ ያለው ጥቁር ካባዬን ደርቤ እንደ ጣዖት ተቀመጥሁ።

ከዚያ ከተማውን መዞር አለ። በገበያው፣ በወደቡ፣ ዘንባባ በተተከለበት መንገድ፣ ሰው እየጨፈረ ከፊት ስለሚሄድ መኪናዋ በእግረኛ እርምጃ ትከተላለች። ለጋለ ሞተር ከዚህ የባሰ የለም። ወደ መሸንቲ ስንወጣ የሙቀት መለኪያዋን ቀስት ከጎን ሆኜ አያለሁ። ኮረኮንች ነው፤ ዳገት ዳገት ይላል።

«ደምሴ፣ ቀስቱን እየው።»

«ፊትህን አሳምር፤ ሙሽራ ነህ።»

«ደምሴ፣ ልትፈላ ነው!»

«ኧረ ጭፈራውን አታበላሽብን!» አለ። ወዲያው ከደንገሉ ውስጥ እንፋሎት ቡፍ አለ። ዘፈኑ ተቋረጠ።

ቆምን። በመንገዱ ግራና ቀኝ አውድማ ነው፤ እብቁ በፀሐዩ ያብለጨልጫል። ደምሴ ዘሎ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተና እጁን ወደ ራዲያተሩ ክዳን ሲሰድ «ክዳኑን እንዳትነካ!» ብዬ ጮኽሁ። ሙሽራ ሆኜ ጮኼ የተናገርሁት የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው። ነክቶት ቢሆን ፊቱ አይተርፍም ነበር። አንደኛው ሚዜ በቅል የያዘውን ጠላ አምጥቶ «ይኸን እንጨምርላት?» አለ። «አተላ ልትሞሉባት ነው?» አልሁት። ሌላው ደግሞ ተሸክመውኝ እንዲሄዱ አሰበ። ሁሉም ሰማይ ሰማዩን፣ ከዚያ የገዛ ጥላውን ያያል። ጥላችን አጥሯል። እኔ የታየኝ ግን በርበሬ ዘርግታ የሣቀችብኝ ልጅ ብቻ ናት። አሁን ካልደረስሁ ያንን ሣቅ ሌላ ሰው ቤት ነው የምሰማው።

ካባዬን ማውለቅ ጀመርሁ። ደምሴ ክንዴን ያዘኝ።

«አትወርድም! ሙሽራው መኪና ሠራ ቢባል በምን ዓይናችን ሰው እናያለን?»

«ዳሱ ከፈረሰስ በምን ዓይንህ ታየኛለህ?» አልሁትና ካባውን አሸክሜው ወረድሁ።

የልጃገረዶቹን ጉንጉን ሳልበጥስ ፈትቼ የመኪናዋ ጣሪያ ላይ አሰርሁት። ከሥሩ ያየሁትን ብነግራችሁ አታምኑም። ደምሴ በዚያ ሳምንት የላንድሮቨሯን ቆዳ እንጂ አንጀቷን አላየም። ሽንሽኑ በእብቅ ተጠቅጥቆ፣ ትንኙ በላዩ ደርቆ፣ የደንገሉ ጸጉር ደግሞ ገና በትኩሱ ተለጥፎበት ምንጣፍ ሆኗል። «ላባዬን አቀብለኝ» አልሁት።

«ጣልሁት።»

«ምን?»

«ሙሽራ የሚጫንባት መኪና የዶሮ ቤት መሰለችብኛ! ባሕር ዳር ጠርጌ ጣልሁት።»

ምን ላድርግ? ዓይኔ ደምሴ እጅ ላይ አረፈ። የሚዜ ነገር ሆኖ ነጭ የፈረስ ጭራ ይዟል፤ እጀታው የተሸለመ፣ ጸጉሩ የተበጠረ። «ጭራህን አምጣ» አልሁት። «ኧረ በእመብርሃን! ከዘመድ ተውሼው ነው» አለ። ተቀበልሁት።

መጀመሪያ ግን ጠበቅሁ። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ነገር የለም። ፀሐይ እየሄደች፣ ሚዜዎቼ እየተቁነጠነጡ፣ እኔ እጄን አጣምሬ ብረቱ እስኪበርድ ቆምሁ። የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ የሚደፋ ሹፌር ራዲያተሩን በገዛ እጁ ይሰነጥቀዋል። «ምን ትጠብቃለህ?» ሲሉኝ «እሷን» አልሁ። የትኛዋን እንደሆነ አልጠየቁኝም። እንፋሎቱ ሲጠፋ ክንዴን ከማራገቢያው ጎን አሾልኬ በጭራው ከላይ ወደ ታች ማበስ ጀመርሁ። የፈረስ ጭራ ለካ ከላባ አያንስም! እብቁ በፊት በኩል እየተንኮታኮተ ይወርዳል። ደምሴ ጀሪካኗን ከመቀመጫው ሥር አግኝቶ አመጣ፤ እሷን እንኳ አልጣላት፣ ነፍሱን ይማር። ከውኃዋ ጥቂቱን ከኋላ ወደ ፊት አፈሰስሁ። ጥቁር ጭቃ ወረደ። እንደገና በጭራው። በመጨረሻ ከሞተሩ በኩል ዝቅ ብዬ ሳይ፣ ከፊት ለፊት የቆመው የደምሴ ነጭ ሱሪ በሽንሽኑ መካከል ታየኝ። ራዲያተር መጽዳቱ የሚታወቀው እንዲህ ነው፤ ብርሃን ሲያሳልፍ። ክዳኑን በጨርቅ ይዤ ቀስ አድርጌ ከፈትሁ፤ ሞተሩን አስነሥቼ የቀረውን ውኃ በጥቂት በጥቂቱ አጠጣኋት። ጀሪካኗ ውስጥ ለእጄ መታጠቢያ የሚሆን ጠብታ አልቀረም። እጄን ልታጠብበት ወይስ እሷ ትጠጣው ብሎ ማመንታት ለእኔ አልነበረም።

ደምሴ ከመሪው ኋላ ገብቶ ሲቀመጥ «ውረድ» አልሁት፤ «እኔ እነዳለሁ።» ወረደ። ካባዬን ደርቤ፣ ጥሩምባዬን እየነፋሁ፣ ቀስቱ ከቦታው ሳይነቃነቅ መሸንቲ ገባሁ። ሙሽራው ራሱን በራሱ ነድቶ የመጣበት ሠርግ ያቺ አገር ከዚያ በፊት አላየችም፤ ከዚያም በኋላ የሰማሁ አይመስለኝም።

አቶ ያየህ ዳሱ በር ላይ ቆመዋል። እኛን አይደለም የሚያዩት፤ ወደ እግራቸው አቀርቅረው ጥላቸውን ነው። ሐጂ ዑመር ቀድመው ደርሰው ከጎናቸው ቆመዋል፤ የዋስ ፊት ምን እንደሚመስል ያን ቀን አየሁ። ከመኪናው ወርጄ እጆቼን በካባዬ ውስጥ ሰውሬ ቀረብሁ። ሙሽራ የልጅቱን አባት ጉልበት ይስማል፤ ጉልበት ደግሞ በሁለት እጅ ተይዞ ነው የሚሳመው። ወዴት ልሽሽ? ጎንበስ ብዬ ያዝሁት። ቀና ስል በነጭ ሱሪያቸው ላይ፣ በሁለቱም ጉልበት፣ አምስት አምስት ጣቴ ከነመዳፌ ጥቁር ሆኖ ቀርቷል። እልል ስትል የነበረች ሴት አፏን ያዘች።

«ይኸ ምንድን ነው?» አሉ አቶ ያየህ።

«የመኪና ጥቀርሻ ነው፣ ጌታዬ። መንገድ ላይ ፈልታብን ነበር።»

«ማን አስነሣት?»

«እኔ ነኝ።»

«ሙሽራ ሆነህ?»

«ሙሽራ ሆኜ።»

የተበላሸ ሱሪያቸውን አዩ። እጄን አዩ። ጥላቸውን ግን ዳግም አላዩም። «ግባ» አሉ፤ «ፀሐይቱ ገና ናት።» ሐጂ የያዙትን ትንፋሽ ለቀቁት። በእውነቱ ጥላው በየት በኩል እንደነበር እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ያንን ሱሪ አማቴ አላሳጠቡትም። ክብረ በዓል በመጣ ቁጥር ያንኑ ለብሰው ይወጡና ሰው «ምን ነካዎት?» ሲላቸው «አማቼ ያተመበት ነው» ይሉ ነበር። ሹፌር ነኝ ብዬ ደረቴን መንፋት የጀመርሁት ከዚያ ወዲህ ነው፤ አሁንም አላበጥሁም ብል ውሸቴን ነው።

ዳሱ ውስጥ ከሙሽራዬ ጎን አስቀመጡኝ። ዓይነ ርግቧን ጥላለች፤ ያኔ ሙሽሪት ቃል አትተነፍስም። ከባሕር ዳር የመጣው ፎቶ አንሺ ባለ ሦስት እግር ካሜራውን ተከለ። እኔ እጆቼን መልሼ ካባው ውስጥ ከተትሁ፤ የዕድሜ ልክ ፎቶ ነው፣ ጥቁር እጅ ይዤ ልኑር? ፎቶ አንሺው ሊያነሣ ሲል፣ ከዓይነ ርግቡ ሥር፣ ከንፈሯ ሳይንቀሳቀስ የመጀመሪያ ቃሏን ሰማሁ። «እጅዎን ያውጡት» አለችኝ። አወጣሁት። ፎቶው ዛሬም ፔዳ በሚገኘው ቤታችን ግድግዳ ላይ አለ። የጓሮ ክፍል የተከራዩን ተማሪዎች «አባባ፣ ጓንት አድርገው ነበር እንዴ?» ይሉኛል። አንቱታው የመጀመሪያ ልጃችን ሲወለድ ቀርቷል፤ ፎቶው ግን እንዳለ ነው።

ወደ እሑዱ ልመልሳችሁ። የነጯ መኪና ሹፌር ኮፈኑን ከፍቶ እጁን ወደ ክዳኑ ሲሰድ ሳላስበው «ክዳኑን እንዳትነካ!» ብዬ ጮኽሁ። ድምፄ አልሞተም ለካ። ከዘራዬን ተደግፌ ሄድሁ። ሻሹንና አበባውን አንሥቼ ጣሪያዋ ላይ አሳሰርሁ፤ ብረቱ እስኪበርድም አቆየኋቸው። የዛሬ መኪና ከራዲያተሩ ፊት የአየር ማቀዝቀዣው ሌላ ራዲያተር ተደርቦበታል፤ በሁለቱ መካከል የጣና ትንኝ ተጠቅጥቋል። ያው ትንኝ ነው፤ ዘመን የማይለውጠው። ከዳርቻው ላባ አንሥቼ በደረስሁበት አበስሁ፤ ውኃውንም ከኋላ ወደ ፊት አስፈሰስሁ። ሙሽራው ደግ ልጅ ነው፤ «አባባ፣ ይቆሽሻሉ እኮ» አለኝ። «ልጄ፣ እኔ ቆሽሼ ነው ያገባሁት» አልሁት። ሞተሩ ሲነሣ ቀስቱ መሐል ላይ ቀጥ አለ።

ሙሽሪት «አባባ ካልገቡ ፎቶ አልነሣም» ብላ በመካከላቸው አቆመችኝ። ነጭ ቀሚሷን እንዳላቆሽሽባት እጆቼን ወደ ኋላዬ ደበቅኋቸው። ካሜራ የያዘው ልጅ ዓይኑን ጨፈን ሲያደርግ፣ ሐይቁን ብቻ የምታይ የመሰለችኝ አንጓች ከተቀመጠችበት ድምጿን ከፍ አድርጋ በስሜ ጠራችኝ።

«መኳንንት! እጅህን አውጣው!»

አወጣሁት።